የማሪኮፓ ሸክላ አሠራር፦ ከአፈሩ እስከ ሁለተኛው እሳት

ፊኒክስ፣ አሪዞና የሚኖር ሐበሻ «ማሪኮፓ» የሚለውን ስም ሳያይ የሚያልፈው ወር የለም። የቤት ግብር ደብዳቤ ላይ አለ። የመራጭነት ካርድ ላይ አለ። የካውንቲው ስም ነውና። ካውንቲው በ1871 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ስሙን የወሰደው እዚያው ወንዝ ዳር ከሚኖር ሕዝብ ነው። ሕዝቡ ራሱን «ፒፓሽ» ብሎ ይጠራል። «ሰዎች» ማለት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ያወቅኩት በአንዲት ማሰሮ ምክንያት ነው።

ሙዚየም ውስጥ ነበረች። ሆዷ ክብ፣ አንገቷ ረዘም ያለ። ቀይነቷ እንደ ደረቀ በርበሬ። መብራቱ ላይዋ ላይ ይታያል፤ ግን ቫርኒሽ የለባትም፣ እንደ ቻይና ሰሃን የመስታወት ቅብም የለባትም። ሆዷን ጥቁር ጥምዝ መስመር ይዞራታል። በጠጠር ብቻ ታሽታ እንደዚያ እንዳበራች ሳውቅ እጄን በላኝ። ቤት ገብቼ ሞከርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሲደርቁ ተሰነጠቁ። አራተኛዋ እሳት ውስጥ ፈነዳች። አምስተኛዋ አሁን መደርደሪያዬ ላይ ናት። ይህን የምጽፈው እነዚያን አራቱን እናንተ እንዳትደግሟቸው ነው።

ከአሠራሩ በፊት ስለ ሰዎቹ ጥቂት ልበል። ማሪኮፓዎች ከዩማ ቋንቋዎች አንዱን የሚናገሩ ናቸው። ቀድሞ በኮሎራዶ ወንዝ ታችኛው ዳርቻ ይኖሩ ነበር። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ጦርነቱ ሲበዛ የጊላን ወንዝ ይዘው ወደ ምሥራቅ ወጡ። እዚያ ከአኪመል ኦኦታም፣ ማለትም ከፒማዎች ጎን ሰፈሩ። የሁለቱ ቋንቋ ፈጽሞ አይገናኝም። ግን ጎን ለጎን አርሰዋል፤ በ1857 ከምዕራብ የመጣባቸውን ጦርም አብረው መልሰዋል። ዛሬም ሁለቱ ሕዝቦች በጊላ ሪቨርና በሶልት ሪቨር ማኅበረሰቦች አብረው ይኖራሉ። የመጀመሪያው በ1859፣ ሁለተኛው በ1879 የተከለለ መሬት ነው። ሁለቱም ከፊኒክስ በመኪና ቅርብ ናቸው።

ሸክላው የሴቶች ሙያ ነበር። የውሃ እንስራ፣ የባቄላ መቀቀያ፣ የእህል ማስቀመጫ ይሠሩ ነበር። ቀይና የሚያብረቀርቀው፣ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ የምናየው ዓይነት፣ የበዛው ሸክላው ለገበያ መውጣት ሲጀምር ነው። ያ የሆነበት ምክንያት አሳዛኝ ነው፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

አፈር ከማንሳታችሁ በፊት

ሦስት ነገር አደራ።

አንደኛ፣ አፈሩን ከማኅበረሰቦቹ መሬት አትቆፍሩ። መሬቱ የእነሱ ነው፤ አፈሩም የሸክላ ሠሪዎቹ ነው። ከራሳችሁ ጓሮ፣ ባለቤቱ ከፈቀደላችሁ ቦታ፣ ወይም ከሸክላ ዕቃ መደብር አግኙ። መደብር ካላችሁ የሚያስፈልጋችሁ በዝቅተኛ ሙቀት የሚተኮስ፣ ቡናማ ወይም ቀይ የሆነ ተራ የሸክላ ጭቃ ነው። ለማብሰያ ዕቃ ወይም ለነጭ ሲኒ የሚሆነውን ውድ ጭቃ አትግዙ።

ሁለተኛ፣ የምትሠሩት ማሰሮ የማሪኮፓ ማሰሮ አይደለም። በማሪኮፓዎች ዘዴ የተሠራ የእናንተ ማሰሮ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1990 የወጣ ሕግ አለ፦ የቀደምት ሕዝቦች ሥራ ያልሆነውን ነገር የእነሱ ነው ብሎ መሸጥ ወንጀል ነው። ሕጉ ባይኖርም ነውር ነው። ለጓደኛ ስትሰጡም በዚህ ስም አትስጡ።

ሦስተኛ፣ እሳቱን አስቡ። ማሪኮፓ ካውንቲ ውስጥ አየሩ ሲበከል እንጨት ማንደድ የሚከለከልባቸው ቀናት አሉ፤ ክረምት ላይ ይበዛሉ። ሌላ ከተማ ያላችሁም የሰፈራችሁን ደንብ ጠይቁ። የአፓርታማ በረንዳ ላይ ይህ አይሞከርም።

ምን ምን ይያዛል

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ወንፊት፣ ባልዲ፣ አሮጌ አንሶላ። አፏ የተሰበረ ቢሆንም ሆዷ ክብ የሆነች ማሰሮ ወይም ጎድጓዳ ሳህን ለመነሻ። ለማለስለሻ ደግሞ አንድ ወንዝ ያለሰለሰው ጠጠር፤ እንደ ትንሽ ድንች ያለ፣ ጣት ስትዳብሰው ምንም የማይቆረቁር።

ዋናዎቹ ግን ሁለት ናቸው። አንዱ መምቻ ነው። ከእንጨት የተሠራ፣ ጠፍጣፋ፣ ከክንድ ያነሰ፣ እጀታ ያለው። ፊቱ በትንሹ ወደ ውስጥ ጎበጥ ቢል ይሻላል፤ የማሰሮ ሆድ ክብ ነውና። ሁለተኛው ከውስጥ የሚያዝ ድንጋይ ነው። መዳፍ የሚሞላ፣ አንድ ጎኑ እንደ እንጉዳይ ባርኔጣ ክብ የሆነ። ብረት ቀጥቃጭ መስፍ ላይ አስደግፎ እንደሚመታ፣ እዚህም ጭቃው በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ነው የሚመታው። ሸክላ ሠሪዎቹ ይህን ድንጋይ በቀላሉ አይለውጡትም። እጅ ይለምደዋል።

የሸክላ መዞሪያ ማሽን የለም። ጎማ የለም። ማሰሮው አይሽከረከርም፤ እናንተ ናችሁ ዙሪያውን የምትዞሩት፣ ወይም ጭናችሁ ላይ እያዞራችሁ የምትመቱት።

አፈሩን ማዘጋጀት

ጓሮ የተገኘውን አፈር መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ሙልጭ ብሎ ይድረቅ። ከዚያ በሙቀጫ ወይም በመዶሻ ውቀጡት። በወንፊት ንፉት። ሥርና ጠጠር ይወጣል። ነጭ የኖራ ጠጠር ካያችሁ በደንብ ልቀሙት፤ ያች ትንሽዬ ነጭ ጠጠር ከተተኮሰች ከቀናት በኋላ ውሃ ስባ ታብጥና የማሰሮውን ገላ ትቦጭቃለች።

ዱቄቱን ባልዲ ውስጥ ውሃ ጨምራችሁ አሳድሩት። ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ይበልጥ ይለሰልሳል። ከላይ የጠለለውን ውሃ አፍስሱ፣ የቀረውን አንሶላ ላይ ዘርጉት። ሊጥ የሚመስልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ሰብስቡት።

አሁን አንድ ነገር መጨመር አለበት። ንጹሕ ሸክላ ብቻውን ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ለእሳትም አይመችም። ስለዚህ ደቃቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይቀላቀልበታል። አዎ፣ ገል። ቤት የተሰበረ የሸክላ ድስት ካለ አትጣሉት፤ ፈጭታችሁ፣ ነፍታችሁ ጨምሩት። ገል አንዴ እሳት አይቷል፤ አይኮማተርም፣ አይደነግጥም። መጠኑ ለአራት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ይበቃል። የመደብር ጭቃ ከገዛችሁ ግን እሽጉን አንብቡ፤ ቀድሞ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አሹት። እንደ ዳቦ ሊጥ፣ በመዳፍ ተረከዝ እየገፋችሁ። ሩብ ሰዓት ያህል። ውስጡ የተደበቀች አየር እስክትወጣ። ደርሷል ወይ ለማለት እንደ ጣት ቀጭን አድርጋችሁ አድቦልቡሉትና ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ካልተሰነጠቀ ደርሷል። ከተሰነጠቀ ወይ ውሃ ያንሰዋል፣ ወይ አሸዋው በዝቷል።

መቀመጫውን ማውጣት

የመነሻዋን ማሰሮ በአፏ ድፏት። ሆዷ ላይ ጥቂት አመድ ነስንሱ፤ ጭቃው እንዳይጣበቅ ነው። ከጭቃው ትንሽ ድቡልቡል ወስዳችሁ በመዳፋችሁ እንደ ቂጣ ጠፍጥፉት፤ ውፍረቱ የትንሿ ጣታችሁን ያህል። የተደፋችው ማሰሮ ላይ አልብሱትና በመምቻው ቀስ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ቅርጿን ይይዛል።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጠፈፍ እስኪል ጠብቁ። ስታነሱት ራሱን ችሎ መቆም አለበት፤ ግን ጥፍር ሲነካው ምልክት መያዝ አለበት። ደረቅ አየር ባለበት አገር ይህ አንድ ሰዓት አይሞላም። ሲያትል ወይም ለንደን ያላችሁ ግማሽ ቀን ሊፈጅባችሁ ይችላል። አውጡት፣ ገልብጡት። ጎድጓዳ ሳህን ይዛችኋል። ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ቀጣዩ ጭቃ የሚጣበቀው እዚያ ነው።

መምታት

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ከጭቃው ላይ አውራ ጣት የሚያህል ገመድ አድቦልቡሉ። ጠርዙን ጫር ጫር አድርጋችሁ በውሃ አርጥቡት። ገመዱን ከጠርዙ በላይ ሳይሆን በትንሹ ወደ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በጣት ወደ ታች እየዳጣችሁ አጣብቁት። ከውጭም ከውስጥም መጋጠሚያው እስኪጠፋ።

አሁን ድንጋዩን በግራ እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ውስጥ አስገቡ። ግራኝ ከሆናችሁ ገልብጡት። ድንጋዩን ከጭቃው ጋር አገናኙት፣ ትክክል ከፊት ለፊቱ በመምቻው ከውጭ ምቱ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ኃይል አይደለም የሚፈለገው። ዶሮ ወጥ የምታማስል ሴት እጅ ያህል ነው ኃይሉ፤ ረጋ ያለ፣ የማይቋረጥ። ድንጋዩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ መምቻው ይከተለዋል። ወፍራሙ ገመድ እየሳሳ ወደ ላይ ይወጣል። ግድግዳ ሲሆን ዓይናችሁ እያየ ነው።

የኔ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ማሰሮዎች ለምን እንደተሰነጠቁ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ዓይኔ ሁልጊዜ ውጭውን ያያል፤ ስለዚህ ሐሳቤ ሁሉ መምቻው ላይ ነበር። ድንጋዩ ውስጥ የት እንዳለ አላስበውም። መምቻው ድንጋዩን ሲስት ግድግዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሰርጎዱን ለማስተካከል እንደገና እመታለሁ። አንዱ ቦታ ይሳሳል፣ ጎኑ ወፍራም ይቀራል። ሲደርቅ ስሱ ቀድሞ ይኮማተራል፣ ወፍራሙ ወደኋላ ይቀራል፣ መካከሉ ይተረተራል። መፍትሔው ዓይንን መጨፈን ሆነ። እውነቴን ነው፤ ጥቂት ጊዜ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ምቱ። ያን ጊዜ የውስጠኛዋ እጅ ትነቃለች። መምቻው በድንጋዩ ልክ ሲያርፍ ድምፁ ድፍን ነው፤ ሲስት ባዶ ነው። ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

መምታት ግድግዳ ማሳሳት ብቻ አይደለም። ጭቃውን ያጠብቀዋል። ገመዱን ከታችኛው ጋር ያዋህደዋል። ለዚህ ነው በዚህ መንገድ የተሠራ እንስራ ትልቅ ሆኖ ስስና ቀላል ሊሆን የቻለው። ውሃ ሞልቶ ለሚሸከመው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ገመድ፣ መምታት፣ ጠፈፍ እስኪል መጠበቅ። ሌላ ገመድ፣ መምታት፣ መጠበቅ። ታችኛው ሳይጠነክር ላይኛውን ከጫናችሁበት ማሰሮው ይቀመጣል። ሆዱን ማስፋት ስትፈልጉ ድንጋዩን በርታ፣ መምቻውን ላላ አድርጉ። ማጥበብ ስትፈልጉ ተቃራኒውን። የመጨረሻው ውፍረት የእርሳስ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከብርጭቆ ብዙ የማይበልጥ ማሰሮ ሥሩ። ትልቁ ይደርሳል።

አንገቱ ጠባብ ከሆነ ድንጋዩ አይገባም፤ ያን ጊዜ ድንጋዩን በጣት ተኩት። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ወይም በቁራጭ ቆዳ ይዛችሁ ዙሩበት፤ ይስተካከላል።

ስማችሁን ጻፉ

ጭቃው ገና ጥፍር ሲቀበል ማሰሮውን ገልብጡና መቀመጫው ላይ ስማችሁን ጻፉ። በስንደዶ ጫፍ ይበቃል። ይህ እንዲሁ የመጣ ነገር አይደለም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በወንዙ ላይኛው በኩል የሰፈሩ ሰዎች የጊላን ወንዝ ውሃ በቦይ ጠለፉት። ወንዙ ደረቀ። በመስኖ ስንዴና ባቄላ ያመርቱ የነበሩት ማሪኮፓዎችና ፒማዎች እርሻቸው ጠፋ፣ ረሃብ ገባ። ሴቶቹ ማሰሯቸውን ይዘው ፊኒክስ ገበያ ወጡ። ጎብኚ የሚገዛው ትንሽና የሚያምር ነገር ነበርና ማሰሮዎቹ አነሱ፣ ቀለማቸው ደመቀ። ዋጋው ግን ርካሽ ነበር፤ ማን እንደሠራውም የሚጠይቅ አልነበረም።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ኤልዛቤት ሃርት የምትባል የመንግሥት ሠራተኛ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ሆና ማኅበር እንዲቋቋም ረዳች። የማኅበሩ መሪ አይዳ ሬድበርድ ነበሩ። ከ1892 እስከ 1971 የኖሩ፣ በዘመናቸው ስመ ጥር የሆኑ ሸክላ ሠሪ ናቸው። የሕዝቡን ባህል ያጠናው ሌስሊ ስፓየርም በእሳቸው አስተርጓሚነት ነው የሠራው። ማኅበሩ ብዙ ዓመት አልቆየም። ግን ከእሱ የቀረ አንድ ልማድ አለ፦ ሠሪዎቹ ሥራቸው ላይ ስማቸውን ይጽፉ ጀመር። አይዳ ሬድበርድ። ሜሪ ጁዋን። ሜብል ሰን። ዛሬ ማሰሮዋን የሚገለብጥ ሰው ሠሪዋን ያገኛታል።

ይህን ሳነብ አገሬ ትዝ አለኝ። እኛ ቤት በልጅነቴ ሦስት ጀበና፣ ሁለት ምጣድ፣ አንድ ትልቅ ጋን ነበር። የአንዳቸውንም ሠሪ ስም አናውቅም። አለማወቅ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ሸክላ ሠሪውን ቡዳ እያሉ የሚሸሹ ሰዎች በሠራው ጀበና ቡና ይጠጡ ነበር። ይህ ያሳፍረኛል። ስለዚህ ስማችሁን ጻፉ። አገር ቤት ስትሄዱም ጀበና ስትገዙ የሠሪዋን ስም ጠይቋት።

ከዚያ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ነፋስ የማይነካው ቦታ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጨርቅ ተሸፍኖ። ፀሐይ ላይ ያስቀመጠ ሰው ይጸጸታል።

ቀዩ ልባስና ጠጠሩ

ቀዩ ቀለም ብረት ያለበት ቀይ አፈር ነው። በጣም ደቃቅ መሆን አለበት። ቀዩን አፈር ውሃ ውስጥ በጥብጡት፣ ትንሽ ደቂቃ ተዉት፤ ሸካራው ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን ቀይ ውሃ በስስ ጨርቅ አጥልላችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። የመጨረሻው እንደ ወተት ሲፈስ በጣቶች መካከል ምንም አይቆረቁርም። ቀይ አፈር ካላገኛችሁ ከመደብር የብረት ቀይ ዱቄት ገዝታችሁ ከተመሳሳይ ሸክላ ብጥብጥ ጋር ቀላቅሉ።

ማሰሮው ሲደርቅ በጨርቅ ቀቡት። አንድ እጅ፣ ይምጠጥ። ሁለተኛ እጅ፣ ይምጠጥ። ሦስተኛ።

አሁን ጠጠሯን አንሱ። ልባሱ የውሃ ማብረቅረቁን ሲያጣ፣ ግን ገና ቀዝቀዝ ሲል ጀምሩ። ትንሽ ቦታ ይዛችሁ፣ የመዳፍ ግማሽ ያህል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እሹ። መጀመሪያ ደብዛዛ ነው። ከዚያ ጠጠሯ ያለፈችበት መንገድ ቀጭን የብርሃን መስመር ይሆናል። መስመሩ አጠገቡ ካለው ጋር ይገናኛል። ከጠጠሯ ሥር የሚሰማችሁ ነገርም ይለወጣል፤ መጀመሪያ ትጎትታለች፣ በኋላ ትንሸራተታለች። መንሸራተት ስትጀምር ወደ ቀጣዩ ቦታ እለፉ። ልባሱ በጣም ከደረቀ ጠጠሯ ትቧጭረዋለች፤ በጣም ከረጠበ ትልጠዋለች። ጊዜው አጭር ነው። ስልክ ዝጉ። ልጆች ሲተኙ ሥሩት።

የሚያበራው ምንድን ነው? የሸክላ ቅንጣት እንደ ጥቃቅን ሰሌዳ ጠፍጣፋ ናት። ጠጠሯ እነዚያን ሰሌዳዎች ታስተኛቸዋለች። ሁሉም ሲተኙ ብርሃንን አንድ ላይ ይመልሳሉ። ይህ ድምቀት ከፍተኛ ሙቀት አይችልም፤ በዘመናዊ ምድጃ ከመጠን በላይ የጋለ ማሰሮ ይፈዝዛል። የእንጨት እሳት ግን ይምረዋል።

የመጀመሪያው እሳት

አራተኛዋ ማሰሮዬ የፈነዳችው እዚህ ነው። የነካኋት ጊዜ ደረቅ መሰለችኝ። ውስጧ ግን እርጥበት ነበር። እሳት ሲነካት ውሃው እንፋሎት ሆነ፣ መውጫ አጣ። ድምፁን ጎረቤት ሰማ።

ስለዚህ ማሰሮውን ቢያንስ አንድ ሳምንት አድርቁት። ጉንጫችሁ ላይ አስደግፉት፤ ከቀዘቀዛችሁ ገና ነው። በሚተኮስበት ቀን ጠዋት ኩሽና ምድጃ ውስጥ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ሦስት አራት ሰዓት አቆዩት። ወይም እንደ ጥንቱ እሳቱ ዙሪያ ደርድራችሁ እያዞራችሁ አሙቁት።

ነፋስ የሌለበት ቀን ምረጡ። መሬቱን ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ጠረግ አድርጉ፣ መጀመሪያ እንጨት አንድዳችሁ አድርቁት። ማሰሮውን በድንጋዮች ወይም በገሎች ላይ ደግፋችሁ አስቀምጡት፤ እሳት ከሥሩ እንዲገባ ነው። በትልልቅ ገሎች ከልሉት። ማገዶው ገላውን በነካበት ቦታ ጥቁር ደመና ይቀራል። አንዳንዴ ያ ደመና ያምራል፤ ቀይ ብቻ ለሚፈልግ ግን አይመችም። ማሪኮፓዎች የሚያነዱት መስኪት የሚባለውን የበረሃ እሾሃማ ዛፍና ኮተንውድ የሚባል ዛፍ ቅርፊት ነው። መስኪት ፍሙ ጠንካራ ነው። እናንተ ያላችሁን ደረቅ እንጨት አንድዱ፤ ቀለም የተቀባ ወይም መድኃኒት የተነከረ ጣውላ ግን በፍጹም።

ዙሪያውን አንድዱና ቀስ በቀስ አስጠጉ። ማሰሮው መጀመሪያ ይጠቁራል። አትደንግጡ። ጥላሸት ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ጥላሸቱ ራሱ ይቃጠልና ቀዩ ከሥሩ ብቅ ይላል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር እገረማለሁ፤ ከአናቱ ይጀምርና እንደ ንጋት ወደ ታች ይወርዳል። ሲመሽ ብታዩት ማሰሮው ፍም መስሎ ይቀላል። አየር እንደልብ ይግባ። በአመድ ወይም በኩበት አታፍኑት፤ ብረቱ ቀይ የሚሆነው አየር ሲያገኝ ነውና።

እሳቱ ራሱ ይሙት። አትቆስቁሱ፣ ውሃ አትርጩ። በቀዘቀዘ ጊዜ በጥፍር አንኳኩት። ቃ ካለ ደህና ነው። ጠፍ ካለ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል።

ጥቁሩ ቀለም

ጥቁሩ ከዚያው ከመስኪት ዛፍ ይመጣል። ከቆሰለ ግንድ የሚፈስና ቅርፊቱ ላይ የሚደርቅ ጥቁር ፈሳሽ አለ። ቢጫውና ብሩሁ ሙጫ አይደለም፤ ጥቁሩ ነው። በዕውቀት ያልተማረ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ከቅርፊቱ ጋር ተፍቆ ይቀቀላል፣ ይጠለላል፣ እንደገና እስኪወፍር ይፈላል። እንደ ቀጠነ ማር ሲሆን ይበቃዋል።

በአፋር በረሃ መሬቱን የወረረው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የዚህ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። እዚያ ከውጭ መጥቶ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ የቀማ ነው። እዚህ ግን የአገሩ ልጅ ነው፤ ፍሬው ተፈጭቶ ይበላል፣ እንጨቱ ይነዳል፣ ጥቁሩ ማሰሮ ላይ ይጻፋል።

መስኪት የሌላችሁ ሰዎች ታኒን የሚበዛበትን ቅርፊት፣ ለምሳሌ ቆዳ የሚለፋበትን የግራር ቅርፊት፣ በዚሁ መንገድ ቀቅላችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ግን መጀመሪያ በተተኮሰ ገል ላይ ሞክሩት። ሁልጊዜ ገል ላይ።

ሥዕሉ የሚሳለው ማሰሮው ከተተኮሰ በኋላ ነው፤ በቀጭን በተሳለ እንጨት። ጥምዝ መስመር፣ እንደ ደረጃ የሚወጣ ቅርጽ፣ ጥርስ ጥርስ ያለ ዚግዛግ በማሪኮፓ ሸክላ ላይ ይበዛሉ። እናንተ ግን የእነሱን ንድፍ ከምትገለብጡ የራሳችሁን ፈልጉ። የጥበብ ቀሚስ ጥለት አለን፣ የመሶብ ዙሪያ ጥለት አለን፤ ለክብ ነገር የተፈጠሩ ናቸው። በእርሳስ አትንደፉ። ከአንገቱ ጀምራችሁ በዓይን ለአራት ክፈሉት፣ አንዱን ሩብ ጨርሱ፣ ወደ ቀጣዩ ሂዱ።

ሁለተኛው እሳት

ቀለሙ ሲቀባ ቡናማ ነው፤ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። የሚያጠቁረው ሙቀት ነው። ማሰሮውን ቀስ ብላችሁ አሙቁና ፍም አጠገብ አድርጉት። ነበልባል አይደለም፣ ፍም። በመቆንጠጫና በወፍራም ጓንት አዙሩት። መስመሩ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር ቡናማ፣ ከዚያ ድንገት ጥቁር ይሆናል። ያን ጊዜ አውጡት።

ትንሽ ብትቆዩ ቀለሙ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ከዕፅ የተገኘ ነውና እንደ ማንኛውም ዕፅ አመድ ይሆናል። ቀድማችሁ ብታወጡት ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። እናቴ አዲስ ምጣድ ላይ የጎመን ዘር እየነሰነሰች በጨርቅ ስታሸው፣ ጭሱ ቤቱን ሲሞላው፣ ምጣዱ እየጠቆረና እየወዛ ሲመጣ አይቻለሁ። ዘዴው ሌላ ነው፤ የዕፁ ነገር ግን በሙቀት ሸክላው ላይ ጥቁር ሆኖ ሲቀር አንድ ነው።

ኩሽና ምድጃ ተጠቅመው ለማጥቆር የሚሞክሩ አሉ። ጭስ አለው፣ ውስጡም አይታይም። ውጭ ይሻላል።

ለምን ይጠቅማል

ይህ ሸክላ ውሃ ያሳልፋል። የአበባ ውሃ ብትይዙበት ጠረጴዛችሁ ይረጥባል። በጥቁሩ ቀለም የተሣለውን ለምግብ አትጠቀሙበት፤ ለመደርደሪያ ነው። ሳይቀባ የተተወው ግን ድሮ በበረሃው የሠራውን ሥራ ዛሬም ይሠራል። የማሪኮፓ የውሃ እንስራ በዳስ ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር። ውሃው በግድግዳው በኩል ላብ እየሆነ ይወጣል፣ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ውስጥ የቀረው ይቀዘቅዛል። የኛም እንስራ እንዲሁ ነው። ሐምሌ ላይ ፊኒክስ ከ43 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሳትቀቡ ያስቀራችሁትን ማሰሮ ደጋግማችሁ በውሃ አጥባችሁ ውሃ ሙሉበት፤ በረንዳ ላይ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፤ ማታ ቅመሱት።

እውነተኛውን ማየት የሚፈልግ ፊኒክስ ያለው ሄርድ ሙዚየም ይሂድ። ሁለቱ ማኅበረሰቦችም የራሳቸው ሙዚየም አላቸው። ዛሬም የሚሠሩ ሸክላ ሠሪዎች አሉ፤ ብዙ አይደሉም። የመግዛት ዕድል ካገኛችሁ ዋጋ አትከራከሩ። ከአፈር ቁፋሮ እስከ ሁለተኛው እሳት ስንት ቀን እንደሚፈጅ አሁን ታውቃላችሁ። ሻጩ ከፈቀደላችሁ ማሰሮዋን ገልብጡና ስሙን አንብቡ። ከዚያ ሁለት ጣት በአፏ አስገብታችሁ ግድግዳዋን ከውስጥ ዳብሱ። ውጭዋ እንደ መስታወት ነው። ውስጧ ግን ጎድጎድ ጎድጎድ ይላል፤ ድንጋዩ ያረፈባቸው ቦታዎች ናቸው፣ ጎን ለጎን፣ ከመቀመጫዋ እስከ አንገቷ።